የትእዛዝ ዓረብኛ

ቤይሩት ከመሄዴ በፊት የነበረኝን ሥራ እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም። ደመወዝ አልነበረውም፤ መጠሪያም አልነበረውም። ሰቆጣ ከተማ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ በገበያ ቀን ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ከገጠር ለሚመጡ ሕመምተኞች አስተረጉም ነበር። ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ነው። እናቴ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ ገጠር፣ ጋዝጊብላ ነበር የምትኖረው፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከታላቅ ወንድሜ ጋር። አፏን የፈታችው በዋግ አገዎች ቋንቋ በኽምጣና ነው። የምታውቃት አማርኛ የገበያ አማርኛ ስለሆነች ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የምትለው። ጢሙን ያሳደገ የጨው ነጋዴ ፊት ቆማ «ነይ፣ ቀንሺ እንጂ» ስትለው ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ነጋዴውም እየሳቀ ይቀንስላታል።

አንድ ጊዜ ክንዷን አሟት መጣችና ጤና ጣቢያ ይዣት ገባሁ። ነርሷ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሴት ነበሩ። እናቴ በኽምጣና ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልስላታለሁ። ስንጨርስ እጃቸውን እየታጠቡ፣

«አንቺ ልጅ፣ በገበያ ቀን ከትምህርት መልስ ብቅ ብትዪልኝ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። «እኔ እኮ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የምግባባው በምልክት ነው።»

«እመጣለሁ ሲስተር» አልኳቸው።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ከገበያው መልስ ሰዉ እህሉንና ፍየሉን ሸጦ፣ ጨዉንና ሳሙናውን ሸምቶ ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣል። እኔ ነርሷ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ከአበርገሌ በኩል የመጡ ትግርኛ የሚቀላቅሉ ሰዎችም ያጋጥሙኛል፤ ከገበያ የለቃቀምኳት ትግርኛ ለእነሱም ትደርስልኝ ነበር። ሽማግሌ ከሆኑ አባ እያልኩ፣ እርስዎ እያልኩ የሚሉትን እሰማለሁ። ሰው ሕመሙን ሲናገር ዝም ብሎ «እዚህ ጋ ያመኛል» አይልም። መቼ እንደጀመረው፣ ምን በልቶ እንደነበር፣ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር ሁሉ ይናገራል። እኔ ደግሞ የቱን ትቼ የቱን መንገር እንዳለብኝ ቀስ በቀስ ለመድኩ።

ከሁሉም የማልረሳው ሴቶቹን ነው። ባላቸው ወይም አማታቸው አብሯቸው ሲገባ ራሴን ያመኛል፣ ወገቤን ያመኛል ይላሉ። ነርሷ ይህን ያውቁ ነበርና አስታማሚውን በደግ ቃል ያስወጡና በሩን ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ወደ እኔ ዞር ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ እውነተኛውን ሕመም ትነግረኛለች። ልጅ ብሆንም ዘመዳቸው ስላልሆንኩ ይነግሩኝ ነበር። ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ ለአክስቴም ለጓደኞቼም አንዱን አውርቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሥራ ጨርሰን ስንወጣ ነርሷ እንዲህ አሉኝ፤ «ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቅጠሩልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ። ዘንድሮ በጀት የለም አሉኝ። ግን መቅጠራቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የምጠራው አንቺን ነው። እስከዚያ ታገሺ።»

«እሺ ሲስተር» አልኩ። አልታገስኩም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ ውጤት ሲመጣ አላለፍኩም። ካላለፉት ብዙዎቹ ወደየቤታቸው ገቡ፤ ሴቶቹ ተዳሩ። እኔ አክስቴ ቤት ጠላ እየጠመቅሁና ልብስ እያጠብሁ ከረምኩ። ጤና ጣቢያ መሄዴን ግን አላቋረጥኩም። በዚያ ሰሞን ነው ከእኛ በፊት ተምራ ያቋረጠች አንዲት ልጅ ከቤይሩት ፎቶ የላከችው። ቀይ ሹራብ ለብሳ ባሕር ዳር ቆማለች፣ ፊቷ ወዝቷል። ያ ፎቶ በየቤቱ ዞረ። አክስቴ ወልድያ የሚያውቁት፣ ልጆች ወደ ቤይሩት የሚልክ ደላላ ነበራቸውና ነገሩን እሳቸው ናቸው ያነሱት።

«እዚህ ቁጭ ብለሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። «በነጻ ማስተርጎም ሥራ ነው?»

እኔም ሥራ ነው ብዬ አላምንም ነበር።

ለእናቴ ልነግራት ጋዝጊብላ ሄድኩ። ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ስነግራት ቀና ሳትል፣ በኽምጣና እንዲህ አለችኝ፤ «እዚያ የሚናገሩት አማርኛ ነው?»

«አይደለም እማ። ዓረብኛ ነው።»

«ታዲያ ማን ሊያስተረጉምልሽ ነው?»

ሳቅሁ። «እለምደዋለሁ» አልኳት። «አማርኛንስ ለምጄው የለም?»

«አማርኛን ስትለምጂ እኔ ቅርብሽ ነበርኩ» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። አልከለከለችኝም። ሂጂም አላለችኝም።

ነርሷን ስሰናበት ግን ቅር እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁት። ሳሙኝና፣ «መልካም ይግጠምሽ። እኔ እንኳ ሌላ አስቤ ነበር» ብቻ ነበር ያሉት። የዚያን ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ደጃፉ ላይ ቆማ ገብቼ እንዳስተረጉምላት ትጠብቀኝ ነበር። መኪናው ሊሄድብኝ ነው ብዬ አለፍኳት።

ቤይሩት ያስገቡኝ ቤት ባልና ሚስት ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት፣ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ደግ ነበሩ ለማለትም አልችልም። ከእኔ ጋር ብዙ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማዳም እየጠቆመች፣ እየጎተተች፣ አንዳንዴም ራሷ ሠርታ እያሳየች ነበር የምታዘኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር፣ ያመጣሁላት ሌላ ነገር ይሆናል። ጭልፋ ስትለኝ ማሰሮ፣ ፎጣ ስትለኝ መጋረጃ የሚታጠብበትን ሳሙና። እሷ ትተነፍስና ራሷ ሄዳ ታነሳዋለች።

መጀመሪያ የገባኝ ቃል «ማይ» ነው። ትልቋ ልጅ አልጋዋ ላይ ሆና «ማይ፣ ማይ» ስትል ሰማኋት። ማይ በትግርኛ ውኃ ነው፤ ሰቆጣ ገበያ ላይ ከትግራይ ከሚመጡ ነጋዴዎች ስሰማው ያደግሁት ቃል ነው። ይሆን ይሆን እያልኩ በብርጭቆ ውኃ ይዤላት ሄድኩ። ተቀብላኝ ጠጣች። ወደ ማድ ቤት ተመልሼ ምድጃው ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ቢጠይቁኝ አላውቅም፤ ደስታም ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ዓረብኛ ቀስ እያለ ገባኝ። የገባኝ ግን ትእዛዙ ነው። «ታኢ» ማለት ነይ፣ «ሩሂ» ማለት ሂጂ፣ «ጂቢ» አምጪ፣ «ነድፊ» አጽጂ፣ «ስኩቲ» ዝም በይ። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ይህንኑ ስለሆነ የተማርኩትም ይህንኑ ሆነ። «እኔ» የሚል ቃል ከአፌ የሚወጣበት አጋጣሚ አልነበረም። ሰቆጣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ የሰው ሁሉ አፍ የነበርኩት ልጅ፣ እዚያ ስንት ወር ሙሉ ራሴን ነቅንቄ ብቻ ኖርኩ። ዝም ማለት ይለመዳል። እንዲያውም ሳይታወቅ ይጥማል። ኋላ መናገር ሲያስፈልግ ነው ጉዱ የሚታየው።

ለእናቴ የምደውለው ማዳም ስትፈቅድልኝ ነበር። አስቀድሜ ለአክስቴ መልእክት እልካለሁ፤ አክስቴ ለእናቴ ያስነግራሉ፤ እናቴ ከጋዝጊብላ በእግሯ መጥታ ቴሌ ቢሮ ትጠብቀኛለች። በመጀመሪያው ጊዜ በጣም እየጮኸች ነበር ያናገረችኝ።

«እማ፣ ቀስ በዪ፣ እሰማሻለሁ።»

«ሩቅ ነሽ እኮ» አለችኝ፣ ጩኸቷን ሳትቀንስ።

በኽምጣና ስናወራ ማዳም በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ፈገግ ብላለች። እንዲህ ስናገር ሰምታኝ አታውቅም ነበርና መናገር መቻሌ ሳይገርማት አልቀረም።

ውሌ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የደወልኩት ጊዜ ግን እናቴ አልጮኸችም። ድምጿ ወርዷል።

«አሞሻል እንዴ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ። ትንሽ ራሴን ያመኛል።»

«ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

«ሄጄ ነበር። ሲስተሯ ወደ አገራቸው ተዛውረዋል። አሁን ያለው ወንድ ነው፤ ያስተረጎመችልኝ አክስትሽ ናት። ኪኒን ሰጡኝ።» ከዚያም፣ «አንቺ መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

«ውሌ ሲያልቅ እማ» አልኳት።

አክስቴ የአባቴ እህት ናቸው። እናቴ ለባሏ እህት ራሴን ያመኛል ከማለት የዘለለ ነገር እንደማትናገር ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ግን አእምሮዬ ላይ አልመጣም። ኪኒን ሰጥተዋታል፣ ይሻላታል ብዬ ዘጋሁት።

ውሌ ሲያልቅ ባልየው ሌላ ዓረብ አገር ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡ ጓዙን መጠቅለል ጀመረ። ማዳም እኔን አብራ እንደማትወስደኝ በግልጽ ነገረችኝ። «ወይ አገርሽ ግቢ፣ ወይ የሚቀጥርሽ ሰው ፈልጊ። የምትፈልጊውን ወረቀት እፈርምልሻለሁ» አለችኝ። ይህን እንኳ ያስረዳችኝ አንዲት ወሎዬ ልጅ በስልክ ጠርታ በእሷ በኩል ነው።

አገሬ መግባት እችል ነበር። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ትኬቱን ሊቆርጡልኝ ነበር። ነገር ግን ስመለስ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ ያቺ ወሎዬም «አንዴ ከገባሽ መመለሻ የለሽም፣ ትንሽ ሠርተሽ ሂጂ» አለችኝ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው እህቶች ሁሉ እንደዚሁ ነበር የሚሉት። ማዳም ስትሄድ ወሎዬዋ ከሌሎች ልጆች ጋር የተከራየችው ክፍል ገባሁ፤ ሥራ ፍለጋ ተጀመረ።

የሰው ቤት ለመግባት አልፈለግሁም፤ ቀን ሠርቼ ማታ የምወጣበት ቦታ ነበር የምሻው። ዳቦ ቤት ጠየቅሁ፣ ሆቴል ማድ ቤት ጠየቅሁ፣ ጸጉር ቤት ጠየቅሁ። በር ላይ ቆሜ አፌን ስከፍት ሰዎቹ ይስቃሉ ወይም ይቆጣሉ። የሚያስቃቸው ምን እንደሆነ አይገባኝም። አንዱ ሆቴል ያለው ሰውዬ በር ድረስ ተከትሎ አስወጣኝ። ቀን በቀን እየተመላለስኩ፣ ፊቴ እየከሰለ፣ ለእናቴ ለመደወል እንኳ አፈርኩ። ሥራ ሳገኝ እደውላለሁ እያልኩ አቆየሁት። መልሼ ባገኛቸው ብዬ የምመኘው እነዚያን ቀናት ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቅር።

ልብስ የሚተኮስበት ሱቅ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ መነጽር ያደረገ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነበር። ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። ድፍረቴን ሰብስቤ ገባሁና በማውቃት ዓረብኛ አናገርኩት። የተናገርኩት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር፤ «ነይ። ስሚኝ። ሥራ ስጪኝ።»

ሰውዬው ካውያውን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ እስኪያነባ ሳቀ። እየሳቀ ሚስቱን ከጓዳ ጠራትና ደግመሽ በይላት አለኝ። ደገምኩት። ሚስትየው ግን አልሳቀችም።

«ማን ነው ዓረብኛ ያስተማረሽ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ አድርጋ።

«ማዳም» አልኩ።

ባሏን ዞር ብላ አየችው። እሱም ሳቁን ተወ። እኔም በዚያች ሰዓት ነው ምን ስል እንደከረምኩ የገባኝ፤ ለካ በየደጃፉ የቆምኩት ወንዶችን ሁሉ ነይ፣ ሂጂ እያልኩ፣ እያዘዝኩ ኖሯል። ጨው ነጋዴው ፊት የቆመችው እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ግን አገሯ ነበረች፤ ስትሳሳት አብረዋት የሚስቁ ሰዎች ነበሯት።

ሴትየዋ ቀጠረችኝ፤ ወረቀቴንም በባሏ ስም አዛወሩልኝ። ከእሷ ጎን ቆሜ አንሶላ ስተኩስ ታስተምረኝ ነበር። «እኔ እፈልጋለሁ» በይ ትለኛለች። «እኔ አልፈልግም» በይ። «አላውቅም» በይ። «ደክሞኛል» በይ። በእንፋሎቱ ውስጥ ሆኜ ከእሷ ኋላ እደግማለሁ። ደክሞኛል ስል ካውያውን ከእጄ ተቀብላ አስቀመጠችው፤ ለካ ሲናገሩት የሚሠራ ቃል ነው።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወሎዬዋ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሱቁ ድረስ መጣች። ሁሉም ነጠላ ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ነበሩ። በሥራ ቀን እንዲያ ለብሰው ሲገቡ ሳይ ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። አክስቴ ወልድያ ላለው ደላላ፣ ደላላው ለወሎዬዋ እየተባለ ነው መርዶው የደረሰው። እናቴ ካረፈች ሰንብታ ኖሯል። የሞተችው እኔ በየሆቴሉ በር ስቆም በነበረበት ሰሞን ነው።

ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጡኝ። አማርኛዬ ጠፋኝ። በኽምጣና ነበር ያለቀስኩት። ከእነሱ መካከል ቋንቋዬን የሚያውቅ አንድም አልነበረምና እየተከተሉ ሊያለቅሱልኝ እንኳ አልቻሉም፤ ዝም ብለው ያዙኝ። የሱቁ ባለቤት ሚስት ወለሉ ላይ አብራን ተቀምጣ ነበር።

«ምን እያለች ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አናውቅም» አለቻት ወሎዬዋ። «የእናቷ ቋንቋ ነው።»

«አገራችሁ አንድ አይደለም እንዴ?»

«አንድ ነው» አለች ወሎዬዋ።

እኔ የምለው «ምን እንዳመመሽ ንገሪኝ» ነበር። ደጋግሜ ያንኑ ነበር የምለው።

ከዚያ በኋላ እዚያ ብዙ ቆየሁ፤ የመመለስ ጥድፊያ አልነበረኝም። ሰቆጣ የገባሁት ዘጠናዎቹ ካጋመሱ በኋላ ነው። ጋዝጊብላ ስሄድ ወንድሜ አግብቶ ወልዷል። መቃብሯን አሳየኝ። እናቴን የታመመች ጊዜ የጠየቋት ጎረቤታችን፣ ጠና ያሉ ሴት፣ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ጓሮ ወሰዱኝ።

«ራሷን አልነበረም ያመማት» አሉኝ። «ደም ነበር የሚፈሳት። ረጅም ጊዜ። ለእኔ የነገረችኝ መነሳት ሲያቅታት ነው። ልጄ ስትመጣ ለእሷ እነግራታለሁ፣ እሷ ትነግርልኛለች ትል ነበር።»

«ለምን ለወንድሜ አልነገሩትም?» አልኳቸው።

«እንዴት አድርጌ?» አሉ። «አደራ አለችኝ እኮ።»

ወንድሜ በበኩሉ ብትኖሪም የምታደርጊው ነገር አልነበረም፤ ትልቅ ሆስፒታል ሩቅ ነው፤ መንገዱንም ታውቂዋለሽ አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ልክም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም እዚህ ብኖር ኖሮ በሩን ዘግቼ፣ አጠገቧ ተቀምጬ የምትለውን እሰማት ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም።

ሰቆጣ ተመልሼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሕንጻው ታድሷል። ደጃፉ ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣት ሴቶች ከገጠር ከመጡት ጋር በኽምጣና ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከአካባቢው ልጆች ተመልምለው፣ ሠልጥነው፣ ተቀጥረው ነው። ቢሮ ገብቼ ኃላፊውን አነጋገርኩ። ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት ሰው ነበር። ድሮ እዚህ አስተረጉም እንደነበር ነገርኩት።

«ሥልጠናው ለወጣቶቹ ነው እህቴ» አለኝ። «ዕድሜሽም አልፏል።»

«ቋንቋውን አውቀዋለሁ።»

«እሱንማ አሁን ሁሉም ያውቁታል» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ሰውየው የተናገረው ሐሰት አልነበረም።

አሁን ሰቆጣ ልብስ አጥቤ፣ ተኩሼ አድራለሁ። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ እሠራለሁ። የቢሮ ሠራተኞች ሸሚዝና ኮታቸውን ያመጣሉ፤ የጤና ጣቢያው ልጆች ጋውናቸውን ያመጣሉ። ከእነሱ አንዷ የጋዝጊብላ ልጅ ናት፤ ስትመጣ በኽምጣና እናወራለን። በቀደም ጋውኗን ልትወስድ መጥታ ሳለ ፊቷ ጭፍግግ ብሎ አየሁትና ምን ሆነሽ አልኳት።

«ጠዋት አንዲት ሴት መጥታ ነበር» አለችኝ። «አማቷ አብራት ስላለች አልናገር አለችኝ። አማቷን አስወጥቼ ብቻዋን ሳናግራት ነው ሕመሟን ያወጣችው። ትልቁ ሆስፒታል ልከናታል።»

«ትድናለች?»

«ቶሎ ነው የመጣችው። ትድናለች ብዬ ነው።»

የማላውቃት ሴት ናት፤ ደስ አለኝ። ደስታው ውስጥ ግን የሚቆጠቁጥ ነገር ነበረ፤ ልጅቷ እንዳታይብኝ ወደ ካውያው ዞር አልኩና ከሰሉን አራገብሁት። «ትንሽ ቁጭ በይ፣ ኮሌታው አልተተኮሰም» አልኳት። ተቀመጠች። ኮሌታውን ተኮስኩ፣ ጋውኑን አጣጠፍኩ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት።